የጣሊያን ቅንጡ መኪና የገዛ ሰው ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

የጣሊያን ቅንጡ መኪና ይበላሻል የሚባለው ሐሜት አይደለም፤ እውነትም ይበላሻል። እኔ ግን እነዚህን መኪኖች ስጠግን የኖርኩ፣ የምወዳቸውም ሰው ነኝና አንድ ነገር ልመስክር፦ ተጎትተው ከሚመጡት ብዙዎቹ ለዚያ የበቁት በአያያዝ ጉድለት ነው። በተለይ ማዜራቲ።

በዋጋው ተታሎ መግዛት

አዲስ ሳለ ባለጠጋ ብቻ የሚደፍረው የማዜራቲ ባለ አራት በር መኪና ኳትሮፖርቴ፣ ዓመታት ካለፉ በኋላ በተራ መኪና ዋጋ ሲገኝ ሰው ዓይኑን ማመን ያቅተዋል። የመኪናው ዋጋ ወረደ እንጂ የመለዋወጫው አልወረደም። በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዘው ሾክ አብዞርበር ዛሬም የሚሸጠው በቅንጡ መኪና ዕቃ ዋጋ ነው። ያላችሁን ገንዘብ ሁሉ መግዣው ላይ ከጨረሳችሁ፣ የመጀመሪያው ጥገና መኪናውን ግቢ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ስትገዙም ትንሽ ኪሎ ሜትር አያጓጓችሁ፤ ከዚያ በፊት የጥገናውን ደረሰኝ ጠይቁ። ቆሞ የከረመ መኪና ጎሚኒው ይደርቃል፣ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል።

ሁሉም ዓመት አንድ ነው ብሎ ማሰብ

ማዜራቲ እ.ኤ.አ. በ1981 መጨረሻ ቢቱርቦ የሚባለውን መኪና ሲያወጣ፣ የጣሊያን ግብር ከ2 ሊትር በላይ በሆነ ሞተር ላይ ከባድ ስለነበር ሞተሩን 2 ሊትር አድርጎ ጉልበቱን አየር ጨምቀው ወደ ሞተሩ በሚያስገቡ ሁለት ቱርቦዎች ሞላው። ቱርቦና ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር አንድ ኮፈን ሥር ሲገናኙ ግን ሙቀቱ ብዙ ጣጣ አመጣ፤ የማዜራቲ ስም ክፉኛ የተጎዳውም ያኔ ነው። በ1986 በካርቡሬተሩ ፈንታ ነዳጅ የሚረጭ ኢንጀክሽን ሲገባለት ሌላ መኪና ሆነ። በ2003 የቀረበው ኳትሮፖርቴም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ የመጣው ዱዎሴሌክት በሚባለው ካምቢዮ ሲሆን፣ ባለ 6 ማርሹ እውነተኛ አውቶማቲክ የገባው በ2007 ነው። በየቀኑ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ የምትውሉ ከሆነ ሁለተኛውን ፈልጉ።

ዱዎሴሌክትን እንደ አውቶማቲክ መንዳት

ይህን ስንት ጊዜ ተናገርኩ! ሦስተኛ ፔዳል ስለሌለው ብቻ ሰው አውቶማቲክ ነው ብሎ ይደመድማል። ውስጡ ያለው ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮን አለው፤ ያንን ፍሪሲዮን በእግራችሁ ፈንታ የሚረግጠው የሃይድሮሊክ ግፊት ነው። እውነተኛው አውቶማቲክ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ፈሳሽ ስላለው ቀስ ብሎ ቢሳብ አይጎዳም። ይኸኛው ቀስ ብሎ በተሳበ ቁጥር ፍሪሲዮኑ ግማሽ ተይዞ ግማሽ ይንሸራተታል፣ ይግላል፣ ይበላል።

አንድ ደንበኛ ፍሪሲዮን ከቀየረ ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ሽታ ይዞ መጣ። መጥፎ ዕቃ ሸጡልኝ ብሎ ተቆጥቷል። ሳወጣው የመጫኛው ብረት በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል፤ የዲስኩ ልባስ እስከ ሪቬቱ አልቋል። ማታ ማታ የት ታቆማለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ግቢው ዳገት ላይ ነው፤ በየምሽቱ ማርሽ ወደ ኋላ አስገብቶ፣ ነዳጅ በትንሽ በትንሹ እየሰጠ፣ ግድግዳ እንዳይነካ በጣት በጣት እየለካ ነው የሚወጣው። ዕቃው ምንም አላጠፋም። በፊት ማርሽ ገብቶ፣ ደልዳላው ላይ ቢያዞረው ኖሮ ያ ፍሪሲዮን ዓመታት ይቆይ ነበር።

ስለዚህ ሰልፍ ውስጥ ከፊታችሁ ቦታ እስኪከፈት ጠብቁና ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ እስኪይዝ ድረስ ተነሱ። ቆማችሁ ከሆነ ኒውትራል አድርጉ። ዳገት ላይ መኪናውን በነዳጅ ይዛችሁ አትቁሙ፤ ፍሬን ለምን ተሠራ? ማርሽ ወደ ላይ ስትቀይሩ ነዳጁን በመጠኑ ልቀቁለት፣ ንቅናቄው ይለዝባል። ልትገዙ ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑን ቀሪ ዕድሜ በመመርመሪያ ኮምፒውተር አስነብቡ፤ በግምት የሚነግራችሁን አትመኑ። አዲስ ሲገባም ኮምፒውተሩ የፍሪሲዮኑን መያዣ ነጥብ እንደገና መማር አለበት። ይህን የማያውቅ ጋራዥ ዕቃውን ገጥሞ ብቻ ያስረክባችኋል፣ መኪናውም እየተንቀጠቀጠ ይነሳል።

ባትሪ ሳይለኩ ሴንሰር መቀየር

ዳሽቦርዱ ላይ የካምቢዮ፣ የሾክ፣ የኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ፍሬን) መብራት ባንዴ ሲበራ ሰው ይደነግጣል። ሦስት ነገር ባንድ ጠዋት አይበላሽም! መጀመሪያ ቮልቴጁን ለኩ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ12.4 በታች ከሆነ ኮምፒውተሮቹ ይቃዣሉ። ቀጥሎ ከሻንሲው ጋር የሚገናኙትን የግራውንድ ሽቦዎች ፍቱና ዝገታቸውን አጽዱ። የሾክ ኮምፒውተር ተቀይሮለት መብራቱ ያልጠፋ መኪና አውቃለሁ፤ ጥፋቱ አንድ የላላ የግራውንድ ቡሎን ነበር። መኪናው ለሳምንታት የሚቆም ከሆነ ክፍያውን የሚጠብቅ ቻርጀር ሰኩለት።

የታይሚንግ ቺንጋን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር

የሞተሩን ቫልቮች ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቺንጋ ቆሞም ያረጃል። የፌራሪ 348 እና ኤፍ355 ባለቤቶች ቺንጋውን ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው መውጣት እንዳለበት ስለሚያውቁ ያዘገዩታል፤ ቢበጠስ ግን ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ። በአልፋ ሮሜዮ ቪ6 ላይ ቺንጋ ስታስቀይሩ የውሃ ፓምፑንም አብራችሁ ቀይሩ። የ2003ቱ ኳትሮፖርቴ በቺንጋ ፈንታ በሰንሰለት ነው የሚሠራው፤ በመጀመሪያዎቹ ሞተሮች ግን ጠዋት ሲነሳ የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማችሁ የካምሻፍቱን ቫሪያተር፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚለዋውጠውን ዕቃ፣ አስመርምሩ።

ሞተሩ ሳይሞቅ ማስጮህ

ውሃው ሞቀ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። ታገሱ።

የሚያጣብቁ ቁልፎችን በቤንዚን ማሸት

በእነዚህ መኪኖች የዳሽቦርድ ቁልፎች ላይ ያለው ለስላሳ የፕላስቲክ ቅብ ከዕድሜ ጋር ይቀልጣል፣ ጣት ላይ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቤንዚንና ቲነር ጽሑፉን ጠራርገው ያጠፉታል። ቁልፉን አውጥቶ እንደገና ማስቀባት ይሻላል።

ዋናው ሥራ ባለቀ ማግስት መሸጥ

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። ባለቤቱ ፍሪሲዮን፣ ሾክ፣ ባትሪ ከፍሎ አስቀይሮ፣ በመጨረሻው ደረሰኝ ተማሮ ያን ሁሉ ወጪ ላላወጣ ሰው በርካሽ ይሰጠዋል። እባካችሁ ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ረጅም መንገድ ንዱት። ዘይቱ ሲሞቅ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ያ የኳትሮፖርቴ 4.2 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር) በደቂቃ ከ4,500 ዙር በላይ ሲወጣ ድምፁ ይለወጣል፤ መሪው እጃችሁ ላይ ይነቃል፤ የከፈላችሁበትን ነገር ያኔ ታገኙታላችሁ። ከዚያም በኋላ ልቤ ቆርጧል ካላችሁ ሽጡት፤ ደረሰኞቹን ግን በፋይል አድርጋችሁ ከመኪናው ጋር አስረክቡ።