የዘጌን ቡና ከፈረሱላ ወደ ኪሎ፦ ውጤቱን በብራውዘር የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ

ባሕር ዳር ቁጭ ብላችሁ የዘጌ ቡና ስትገዙ አንዱ በፈረሱላ ያወራል፣ ሌላው በኪሎ፣ ሌላው በኩንታል። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፣ ኩንታል 100። በየጊዜው ስልክ እያወጡ ከማስላት አንዴ ፕሮግራም ጽፎ ሰንጠረዡን በብራውዘር ማየት ይሻላል። ፋይሉ እጃችሁ ላይ ስለሆነ ኔትወርክ ቢጠፋም ይከፈታል።

መጀመሪያ ፓይተን 3 የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጫኑ። አዲስ ፋይል ክፈቱና ከላይ ይህን ጻፉ፦

የፈረሱላ_ኪሎ = 17
የኩንታል_ኪሎ = 100

አዎ፣ በአማርኛ። ፓይተን 3 የተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት) ስም በግዕዝ ፊደል ይቀበላል። ይሄን በጣም ነው የምወደው፤ ኮድ አይቶ የማያውቅ ነጋዴ እንኳን ስሌቱን አንብቦ «ልክ ነው» ወይም «ኧረ ተሳስታችኋል» ሊላችሁ ይችላል። ፎር እና ኦፕን የመሳሰሉት የቋንቋው ቃላት ግን እንደነበሩ በላቲን ፊደል ይጻፋሉ።

ቀጥሎ ከ1 እስከ 20 ፈረሱላ የሚቆጥር ፎር ሉፕ፣ ማለትም አንዱን ሥራ ደጋግሞ የሚሠራ ትእዛዝ፣ ጻፉ። ሬንጅ ውስጥ 1 እና 21 አስገቡ፤ የመጨረሻው ቁጥር አይቆጠርም። ሉፑ ውስጥ፦

ኪሎ = ፈረሱላ * የፈረሱላ_ኪሎ
ኩንታል = ኪሎ / የኩንታል_ኪሎ

ሦስቱን ቁጥሮች በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ መጻፊያ ቋንቋ) የቲአር (የረድፍ) እና የቲዲ (የሣጥን) ታጎች ውስጥ አድርጋችሁ «ገጽ» የሚባል ተለዋዋጭ ላይ እየጨመራችሁ ሂዱ። ሰንጠረዡ ከሉፑ በፊት ይከፈታል፣ ከሉፑ በኋላ ይዘጋል።

ከኩንታል ወደ ፈረሱላ ስትመልሱ ግን ጠንቀቅ በሉ። 100 ለ17 ሲካፈል 5.88235 እያለ ይቀጥላል። ገጹ ላይ 5.88 ብቻ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ግን ማሳየት ሌላ፣ ማስላት ሌላ። 5.88 ላይ ቆርጣችሁ በ50 ኩንታል ብታባዙ 294 ፈረሱላ ይመጣል፣ እሱም ወደ ኪሎ ሲመለስ 4,998 ነው። 2 ኪሎ ቡና የት ገባ? ሰው ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ተሸክሞ ያመጣው ቡና ነው። ማጠጋጋቱ ቁጥሩ ገጹ ላይ በሚጻፍበት መስመር ብቻ ይሁን።

«ገጽ»ን የኤችቲኤምኤል ፋይል አድርጋችሁ ስታስቀምጡ ኦፕን ውስጥ ኢንኮዲንጉን (ፊደል በፋይል የሚጻፍበትን ስልት) ዩቲኤፍ-8 በሉት። ዊንዶውስ ላይ ይህ ከተረሳ ፓይተን ብዙ ጊዜ የአማርኛውን ፊደል መጻፍ አቅቶት ኤረር አውጥቶ ይቆማል። ያኔ ስሌቱን አትነካኩ፣ ችግሩ እዚያ አይደለም። ገጹ ውስጥም ሄድ ከሚለው ታግ ቀጥሎ የሜታ ቻርሴቱን ዩቲኤፍ-8 አድርጉ፤ አለዚያ «ፈረሱላ» የሚለው ቃል የማይነበብ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል።

አስነሱት። የወጣውን ፋይል ሁለቴ ተጭናችሁ ክፈቱ። 10 ፈረሱላ ጎን 170 ኪሎ እና 1.7 (ወይም 1.70) ኩንታል ካያችሁ ሠርቷል፣ ለዘመድ በቴሌግራም ላኩት። መሬት ለሚለካም ይሆናል፦ በእኛ አካባቢ 4 ቃዳ 1 ሄክታር ተብሎ ስለሚቆጠር ከላይ የቃዳ_ሄክታር = 0.25 የሚል መስመር ጨምሩና ሁለተኛ ሰንጠረዥ ክፈቱ።