ቦታውን በገዛ አፈሩ መሳል

ሰውና ተፈጥሮን የሚመለከት ሥዕል ስጀምር ቀለም አልገዛም። የምስለውን ቦታ አፈር ራሱን ቀለም አደርገዋለሁ። ነገሩ አዲስ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ብሎምቦስ በሚባል ዋሻ ሰዎች ከ100,000 ዓመት በፊት ቀይ አፈር ፈጭተው በባሕር ዛጎል ውስጥ በጥብጠዋል።

አንድ ጭብጥ አፈር ይበቃችኋል። እባካችሁ ከዚያ በላይ አትቆፍሩ። ጠጠርና ሥሩን ለቅማችሁ ውኃ በሞላ ብርጭቆ ውስጥ አማስሉት። አሁን ዓይናችሁን ከብርጭቆው አትንቀሉ። አሸዋው ወዲያው ወደ ታች ይወርዳል፤ ደቃቁ ግን ውኃውን እንዳደፈረሰ ይቆያል። የምንፈልገው እሱን ነው። ድፍርሱን ብቻ ቀስ ብላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። አድሮ ሲጠል ውኃውን ድፉና ደለሉን አድርቁት።

ከዚያ ፈጭታችሁ፣ በሙቅ ውኃ በሟሟ የግራር ሙጫ ለውሱት። ወረቀት ላይ ሞክሩት። ደርቆም ሲነኩት ጣት ላይ ከቀረ ሙጫ አንሶታል፤ ከተሰነጣጠቀ ደግሞ በዝቶበታል።

ቀዩ ከብረት የመጣ ነው፤ ጥቁሩ ብዙ ጊዜ ከበሰበሰ ቅጠል። ቀለሙ የመሬቱን ሁኔታ ይናገራል፤ ለዚህ ነው ሌላ ቀለም ጨምሮ ማሳመር የማልወደው። የተራቆተ መሬት ገርጥቶ ከወጣ፣ ገርጥቶ ይታይ። ከሥዕሉ ጀርባ አፈሩ የተነሳበትን ቦታና ቀን ጻፉ።