ከወገብ ስብራት በኋላ ወደ ፈረስ መመለስ፤ መጀመሪያ በቅሎ

በአዊ ዞን፣ እንጅባራ ላይ የሚከበረው የአገው ፈረሰኞቻችን በዓል፣ ጥር 23፣ ሲቃረብ ስልኬ ዕረፍት ያጣል። ከዳንግላም ይደወላል፣ ከአንከሻም ይደወላል። ደዋዩ ከፈረስ ወይም ከጣሪያ ወድቆ ወገቡን የተሰበረ ሰው ነው። ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፤ «ጋሼ፣ እርስዎ በስንት ወርዎ ፈረስ ላይ ወጡ?»

ወሩን አልናገርም። የሰማ ሁሉ ያንኑ ቆጥሮ ይወጣላ! የኔ ስብራት የራሴ ነው፦ ፈረሴ ሽምጥ ሲጋልብ የፊት እግሩ የፍልፈል ጉድጓድ ገባ፤ እኔ በመቀመጫዬ መሬት መታሁ፤ የመጀመሪያው የወገብ አጥንቴ ተጨፈለቀ። ሐኪሞቹ ኤል ዋን ይሉታል። ከፈረስ ወድቆ አከርካሪው የተሰበረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚያው አካባቢ ነው። ከላይ ያለው የጀርባ አከርካሪ ከጎድን አጥንት ጋር ስለተያያዘ ብዙ አይተጣጠፍም፣ ከታች ያለው ወገብ እንደልቡ ይተጣጠፋል፣ ምቱ መገናኛቸው ላይ ያርፋል። ነርቭ ስላልነካኝ በድጋፍ ታስሬ ዳንኩ። ያንተ ግን ብሎን ገብቶበት ይሆናል፣ ዲስክ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ስለ ቅደም ተከተሉ ነው። አንተ እያልኩ መጻፌን ታላላቆቼ ይቅር በሉኝ።

ከሐኪሙ ልጀምር። የተሰበረ የአከርካሪ አጥንት ለመግጠም በጥቅሉ 3 ወር ያህል ይፈጅበታል። ብረት ገብቶለት አጥንቶቹ እንዲያያዙ የተደረገለት ሰው ደግሞ እስኪጸናለት ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊጠብቅ ይችላል። ገጠመ ማለት ግን ፈረስ ውጣ ማለት አይደለም። ሐኪሙን «ድኛለሁ ወይ?» ብለህ አትጠይቀው፤ «አዎ» ይልሃል፣ እውነቱንም ነው፣ ቆመህ እየሄድክ ነዋ። «ከሚጋልብ ፈረስ ላይ ብወድቅ ይህ አጥንት ይችለዋል?» ብለህ ጠይቀው። ከተማ ያደገ ሐኪም ፈረስ ሲባል ጋሪ ሊመስለው ስለሚችል ግልቢያ መሆኑን ንገረው። ጎንበስ ብለህም ቀና ብለህም ራጅ መነሳት ያስፈልግህ እንደሆነ ጠይቅ፤ ቀጥ ብለህ ስትቆም ደህና የሚመስል አከርካሪ ጎንበስ ስትል ከቦታው የሚንሸራተት ከሆነ የሚታየው ያኔ ነው።

ወጌሻ ጋ ስለመሄድ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ወጌሻዎቻችንን አከብራለሁ፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ። አከርካሪ ላይ ግን እጃቸውን አያሳርፉ። ከአጥንቱ ኋላ የነርቭ ገመድ አለ፤ አንዴ ከተጎዳ የሚያስተካክለው እጅ የለም።

አሁን ደግሞ ፈረሰኛ ብቻ የሚሳሳትበትን ልንገርህ። ረጅም መንገድ የጋለበ ሰው መቀመጫው ይደነዝዛል፣ ኮርቻው ነው ብሎ ይተወዋል። አንተ እንዲህ ብለህ መተው አትችልም። ከወረድክ በኋላ ኮርቻው የሚነካው ቦታ፣ ማለትም መቀመጫህና የጭንህ ውስጥ፣ እንደደነዘዘ ከቀረ፣ ሽንትህ አልመጣ ወይም አልያዝ ካለህ፣ ወይም እግርህ ከዳህ፣ ነገ አትበል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ግባ። ነርቮቹ ተጨፍልቀው ይሆናል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው።

የሐኪሙን ፈቃድ ካገኘህ በኋላ ሰውነትህን ራስህ ፈትነው። ሜዳ ላይ 1 ሰዓት ያህል ስትሄድ ሕመሙ ወደ እግርህ አይወርድም? በርጩማ ላይ ሳትደገፍ ግማሽ ሰዓት ትቀመጣለህ? በአንድ እግርህ ቆመህ ጫማህን ታደርጋለህ? ደህና። የመጨረሻው ፈተና ባጃጅ ነው። ኮረኮንች መንገድ ላይ ባጃጅ ተሳፈርና ከኋላ ተቀመጥ። ያ ከታች ወደ ላይ የሚመጣ ምት የሶምሶማ ታናሽ ወንድም ነው። ባጃጁ ውስጥ ጥርስህን ነክሰህ ከሆነ የምትሄደው ፈረሱ ይቆይህ። ፈተናውን ስትወስድ ታዲያ ማስታገሻ አትዋጥ። ዲክሎፌናክ ተወግቶ ፈረስ የሚወጣ ሰው አውቃለሁ፤ ወገቡ «በቃ» ሲለው የሚሰማበት ጆሮ የለውም።

ለወገብ የሚደረገው ስፖርት ከፊዚዮቴራፒስት ይማሩታል፤ እኔን የጠቀሙኝን ብቻ ልጥቀስ። በአራት እግር እንደቆመ ከብት ሆነህ ቀኝ እጅህንና ግራ እግርህን ቀጥ አድርገህ መዘርጋት፣ ከዚያ መቀየር። በጎን ተኝተህ በክርንህና በጉልበትህ ዳሌህን ማንሳት። በጀርባህ ተኝተህ፣ ጉልበትህን አጥፈህ፣ መቀመጫህን ከመሬት ማንሳት። ጎንበስ ቀና እያሉ ሆድ የሚሠሩበት የወታደር ስፖርት ግን ለተሰበረ ወገብ አይሆንም። ከፋርማሲ የሚገዛው የወገብ ቀበቶ ደግሞ ድፍረት ይሰጣል፣ ጡንቻ ግን አይሰጥም፤ ፈረስ ላይ ባታደርገው እመርጣለሁ።

ከዚህ በኋላ ወደ ርዕሴ እመጣለሁ፤ የመጀመሪያዎቹን ወራት በቅሎ ላይ ተቀመጥ። በእኛ አገር በቅሎ የቄስና የሽማግሌ ናት፤ ፈረሰኛ በቅሎ ላይ ሲታይ ልጆቹ ይስቁበታል። ይሳቁ። ሰጋር በቅሎ ስትሄድ ልብ ብለህ እይ፦ በአንድ ጎን ያሉት የፊትና የኋላ እግሮቿ ተከታትለው ይነሳሉ፣ ሁሌም መሬት የረገጠ እግር አላት። ጀርባዋ ወደ ጎን ይወዛወዛል እንጂ ወደ ላይ አይዘልም። በሶምሶማ የሚሄድ ፈረስ ግን የቀኝ ፊቱንና የግራ ኋላውን አንድ ላይ አንስቶ፣ ለቅጽበት አየር ላይ ሆኖ፣ ተመልሶ መሬቱን ይመታል። ያ ምት በቀጥታ የሚመጣው ወደ ወገብህ ነው። ሽማግሌዎቻችን ለረጅም መንገድ ሰጋር በቅሎ በውድ ዋጋ የሚገዙት ለክብር ብቻ አይደለም።

ሁሉም በቅሎ ሰጋር እንዳይመስልህ። ስትመርጥ ሌላ ሰው ተቀምጦባት ትሂድና አንተ ከጎን ሆነህ የተቀማጩን ራስ ተመልከት። ከኋላው ካለው አጥር አንጻር ራሱ ብዙም ከፍ ዝቅ ካላለ በቅሎዋ ያንተ ናት። የምትደነብር ከሆነች ግን ስግሪያዋ ምንም ቢያምር ተዋት። የእኛ መንገድ ከሰል የጫነ አይሱዙ አያጣውም፤ ጥሩምባውን ሲያሰማ ወደ ጎን የምትዘል በቅሎ አንዴ ብቻ ነው የሚበቃት። እኔ የጎረቤቴን አሮጊት በቅሎ ተውሼ ነው የጀመርኩት፤ ክፍያውም ሳር ነበር።

ኮርቻው ላይ ትንሽ ልቆይ። ያገራችን ኮርቻ ፊቱም ኋላውም ከፍ ያለ እንጨት ነው። ለጤነኛ ሰው መደገፊያ ነው፤ ለተሰበረ ወገብ ግን እንስሳው በድንገት ወደ ፊት ሲዘል የኋላው እንጨት መጥቶ የሚመታው ልክ የተሰበረውን ቦታ ነው። ስለዚህ መቀመጫው ሰፋ ያለ፣ የኋላው እንጨት አጠር ያለ ኮርቻ ፈልግ፣ በላዩም ወፍራም አጎዛ ደርብበት። አጎዛው እንዳይንሸራተት በጠፍር ይታሰር። ሌላው እርካቡ ነው። የጥንቱ እርካብ አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ቀለበት ነው፤ በባዶ እግር ለሚጋልብ የተሠራ። ምት ሲመጣ በእግርህ ገፍተህ መቀመጫህን ከኮርቻው ለማንሳት ጣት አይበቃም። መላ እግር የሚያስገባ ሰፊ እርካብ ይሁንልህ። ተረከዝ ያለው ጫማም አድርግ፤ ያለ ተረከዝ እግርህ በእርካቡ ውስጥ ሾልኮ ያልፍና ስትወድቅ እንስሳው እየጎተተህ ይሮጣል። የሁለቱ እርካብ ርዝመት እኩል መሆኑን በዓይን ሳይሆን በክንድህ ለካው። አንዱ ጣት ያህል ቢያጥር ወገብህ ቀኑን ሙሉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ ይውላል።

ኮርቻውን ራስህ አትጫን። ከባድ ነገር ይዞ ወደ ጎን እየዞሩ ወደ ላይ መወርወር ለወገብ ከግልቢያው የከፋ ነው። ልጆች አሉ፣ ወንድም አለ። ሰኮና ማየቱንም ለነሱ ተው። እኔ አሁንም አልጭንም፤ ባለቤቴ «ንጉሥ ሆነሃል» ትለኛለች።

ከመሬት ተነስተህ አትውጣ። ካብ ላይ ወይም ጉብታ ላይ ቁም፣ አንድ ሰው ልጓሙን ይያዝ፣ በቅሎዋ ወደ ካቡ ጠጋ ትበል። እግርህን ስታሻግር ደረትህና ዳሌህ አብረው ይዙሩ፤ ወገብህ ለብቻው አይጠምዘዝ። ስትቀመጥ ደግሞ ዝግ ብለህ ውረድባት፣ ዱብ አትበል። ለመውረድም ወደዚያው ካብ ተመለስ። ዘሎ መውረድ የጎረምሳ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሌላ ሰው እየሳበልህ በርምጃ ብቻ 10 ወይም 15 ደቂቃ ሂድ። ዛቡን ለሳቢው ተውና እጅህን ጭንህ ላይ አድርግ፣ ዳሌህ ከበቅሎዋ ጀርባ ጋር እንዲወዛወዝ ፍቀድለት። የእንስሳ ርምጃ የተቀማጩን ዳሌ የሚያንቀሳቅሰው ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚንቀሳቀሰው ዓይነት ነው። በውጭ አገር በፈረስ ርምጃ ሕሙማንን የሚያክሙ ባለሙያዎች ያሉትም በዚህ ምክንያት ነው። ደርቀህ ከተቀመጥክ ግን ጥቅሙ ይቀራል፣ ድካሙ ይተርፍሃል። ጥሩ መሆኑን የምታውቀው በማግሥቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ስትነሳ ወገብህ እንደወትሮው ከሆነ በሚቀጥለው ሳምንት 10 ደቂቃ ጨምር። ከወትሮው ከጠጠረ ጊዜውን በግማሽ ቀንስ። ሁለት ቀን ተከታትለህ አትውጣ። ቁልቁለት ላይ ወርደህ በእግርህ ሂድ፤ ዳገት ይሻላል። ክረምቱን በሙሉ ተወው፤ የአዊ ጭቃ ለጤነኛም አይመለስ። መሬቱ ከኅዳር በኋላ ይጠነክራል፣ ያኔም ቢሆን የምትሄድበትን ሜዳ ቀድመህ በእግርህ ዙረው። ፍልፈል የቆፈረው አዲስ አፈር ካየህ ሌላ ሜዳ ፈልግ።

በቅሎዋ ላይ ያለ ሕመም አንድ ሰዓት ከተቀመጥክ ወደ ፈረስ እለፍ። ዕድሜው የገፋ፣ ገበያ የለመደ ፈረስ ይሁን። ያንኑ መንገድ ከርምጃ እንደገና ጀምር። ሰው ሁሉ ቀጥሎ ሶምሶማ፣ ከዚያ ደንገላሳ (ከሶምሶማ የፈጠነው፣ ከሽምጥ የዘገየው ግልቢያ) ይላል። ለወገብ ግን ቅደም ተከተሉ ይህን ያህል ቀላል አይደለም። ቀስ ያለ ደንገላሳ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይወዘውዛል እንጂ እንደ ሶምሶማ አይደቃህም፤ ብዙ ወገባቸው የታመመ ሰዎች ሶምሶማን ፈርተው ደንገላሳን የሚወዱት ለዚህ ነው። ችግሩ በደንገላሳ የወደቀ ሰው አወዳደቁ ይከፋል። ስለዚህ ሶምሶማውን አጭር አጭር አድርገህ፣ በእርካቡ ላይ እየተነሳህና እየተቀመጥክ፣ ሚዛንህ መመለሱን እይበት። ሳትይዝ ሚዛንህን መጠበቅ ከቻልክ በኋላ ደንገላሳው ይቀጥል። ራስህ ላይ ሄልሜት አድርግ። የሞተር ሄልሜት አንገት ላይ ይከብዳል፤ የፈረስ ካጣህ የብስክሌቱ ከባዶ ራስ ይሻላል።

ጉግስን እኔ ትቼዋለሁ። እየጋለቡ ወደ ኋላ መጠምዘዝ፣ የሚወረወርብህን ዱላ ለማምለጥ ጎንበስ ማለት፣ በዚያው ቅጽበት መምታት፤ የተጨፈለቀ አጥንት የሚጠላው እንቅስቃሴ ሁሉ አንድ ላይ ያለው ጉግስ ውስጥ ነው። ሌላው የፈለገውን ይበል። በበዓሉ ሰልፍ ላይ ባማረ ግላስ፣ ማለትም ባጌጠ የፈረስ ልብስ፣ ወጥቼ፣ በርምጃ ሄጄ፣ ሜዳውን ለጎረምሶች እለቃለሁ።

ለብቻህ አትውጣ። አብሮህ የሚሄደው ሰው ይህን በቃሉ ይያዝ፦ ከወደቅኩ በብብቴ ይዘህ አታንሳኝ፣ አታስቀምጠኝ፣ ውኃም አታጠጣኝ። ፈረሱን ተወው፣ ራሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እግሬን ነክተህ ይሰማኝ እንደሆነ ጠይቀኝ፣ ጣቴን እንዳንቀሳቅስ ንገረኝ። የወረዳውን አምቡላንስ ጥራ፤ ስልኩ በስልክህ ተመዝግቧል። አምቡላንስ ካልደረሰ አራት አምስት ሰው ሰብስብ፣ የመስኮት ወይም የበር ሳንቃ ይምጣ፣ አንዱ ሰው ራሴን በሁለት እጁ ይያዝ፣ ሌሎቻችሁ እኩል ቆጥራችሁ እንደ ግንድ ባንድ አንከባሉኝ። በቆዳ አልጋ አትሸከሙኝ፤ መሐሉ ይረግባል።