ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲን ከታክሲ ሰልፍ እንዴት እንማር

9ኛ ክፍል ማትስ መጽሐፍ መጨረሻ አካባቢ ያለችው ስታቲስቲክስና ፕሮባቢሊቲ ላይ ሲደረስ ብዙ ጊዜ ዓመቱ ያልቃል፣ አስተማሪው ይሮጥባታል ተማሪው ፎርሙላ ሸምድዶ ያልፋል፣ ግን የምትሰሩበት ዳታ የራሳችሁ ከሆነ በጣም ቀላል ናት።

ስለዚህ መጀመሪያ ዳታ ሰብስቡ። አባዶ ምናምን (አዲስ አበባ ዳር ዳር) ለምንኖር ሰዎች ዳታ ሞልቷል፣ ጠዋት የመገናኛ ታክሲ ስትጠብቁ ስንት ደቂቃ እንደቆማችሁ ደብተራችሁ ጀርባ ላይ ጻፉ፣ አንድ ሳምንት ይበቃል። እንበልና እንዲህ ወጣላችሁ፦ 10፣ 15፣ 5፣ 20፣ 15፣ 60፣ 15። 60ዋ የዘነበ ቀን ናት፣ ዝናብ ሲጥል ታክሲዎቹ የት እንደሚገቡ እግዜር ይወቀው።

ከዛ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፦ 5፣ 10፣ 15፣ 15፣ 15፣ 20፣ 60። ይቺን የሚዘል ነው ሚዲያን የሚስተው። መሃል ላይ ያለው አራተኛው 15 ነው፣ ሚዲያን ማለት እሱ ነው (ቁጥሮቹ 8 ቢሆኑ መሃል ያሉትን ሁለቱን ደምራችሁ ለሁለት ታካፍላላችሁ)። ሞድ በብዛት የተደጋገመው፣ እሱም 15። ሬንጅ ከትልቁ ላይ ትንሹ ሲቀነስ ነው፣ ከ60 ላይ 5 ሲቀነስ 55። አለቀ።

ሚን (አማካይ) ላይ ግን ቆም በሉ። ድምሩ 140፣ ለ7 ሲካፈል 20፣ ግን ከሰባቱ ቀን አምስቱን የቆማችሁት ከ20 ደቂቃ በታች ነው እኮ! ያቺ ዝናባማ ቀን ናት ሚኑን ወደ ላይ የጎተተችው፣ እሷን አውጥታችሁ ብታሰሉት ወደ 13 ይወርዳል፣ ሚዲያኑ ግን ያው 15 ነው ንቅንቅ አይልም። ሰው ስለ አማካይ ደሞዝ ሲያወራ እኔ ሚዲያኑስ የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ስታንዳርድ ዲቪየሽን፣ ቁጥሮቹ ከሚኑ ምን ያህል እንደተራራቁ የምትናገረው፣ ሁሉም የሚፈራት። ከእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሚኑን፣ 20ን ቀንሱ፦ -15፣ -10፣ -5፣ -5፣ -5፣ 0፣ 40። ደምሯቸው፣ ዜሮ ይመጣል፣ ሁሌም ዜሮ ነው የሚመጣው፣ ስኩዌር የምናደርገውም ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እንዳይጣፋብን ነው። 225፣ 100፣ 25፣ 25፣ 25፣ 0፣ 1600፣ ድምር 2000። ለ7 ሲካፈል 286 ገደማ፣ ይሄ ቫሪያንስ ነው፣ ስኩዌር ሩቱ ደግሞ 16.9 አካባቢ፣ ስታንዳርድ ዲቪየሽን ማለት እሱ ነው። ከ2000ው 1600ው የአንድ ቀን መሆኑን ልብ በሉ። ዩቲዩብ ላይ በ7 ፋንታ በ6 ሲያካፍሉ ካያችሁ አትደንግጡ፣ እሱ ከሳምፕል (ከተወሰደው ናሙና) ተነስቶ ስለ ትልቁ ፖፑሌሽን (ስለ ጠቅላላው) ሲገመት ነው።

ወደ ፕሮባቢሊቲ (አንድ ነገር የመሆን ዕድሉ) ስትገቡ ከፎርሙላ በፊት ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ዘርዝሩ። ሁለት ሳንቲም ስትወረውሩ አንዱ ዘውድ አንዱ ጎፈር የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ሲባል ብዙ ልጅ 1/3 ይላል፣ ሁለቱም ዘውድ፣ ሁለቱም ጎፈር፣ ወይ የተቀላቀለ ብሎ። ግን ዘርዝሩት፦ ዘውድ ዘውድ፣ ዘውድ ጎፈር፣ ጎፈር ዘውድ፣ ጎፈር ጎፈር። አራት ናቸው፣ የተቀላቀሉት ሁለት፣ መልሱ 1/2።

ቀጥሎ ካልሲ ውስጥ 3 የኮካና 2 የሚሪንዳ ቆርኪ ክተቱና ሳታዩ ሁለት አውጡ። ሁለቱም ኮካ የመሆናቸው ዕድል፣ የመጀመሪያውን መልሳችሁ ከከተታችሁ 3/5 ሲባዛ በ3/5፣ 9/25 ነው። ካልመለሳችሁ ግን የቀሩት 4 ቆርኪ ናቸው ከነሱም ኮካ 2 ብቻ፣ ስለዚህ 3/5 ሲባዛ በ2/4፣ 3/10። ጥያቄው ላይ መለሰ ወይስ አልመለሰም የሚለውን አስምሩበት፣ ፈተና ላይ ማርክ የሚበላው እዛ ጋር ነው።

ቢያንስ አንድ የሚል ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ በተቃራኒው ሂዱ፣ ሳንቲም ሶስቴ ተወርውሮ ቢያንስ አንዴ ዘውድ ከተባለ ሶስቱም ጎፈር የሚሆንበት 1/8 ነው፣ ከ1 ላይ ቀንሱት፣ 7/8።