የልጆችን ዐይን የሚጎዱ የወላጅ ስህተቶች

«ባያይ ኖሮ ይነግረን ነበር»

ከሁሉ የሚብሰው ይኸኛው ነው። ከተወለደ ጀምሮ በብዥታ የሚያይ ልጅ ሰው ሁሉ እንደሱ የሚያይ ይመስለዋል። አንድ ዐይኑ ብቻ የደከመማ በደህናው እያየ ይሮጣል፣ ጥጃ ይጠብቃል፣ ፊደል ይቆጥራል፤ ማንም ልብ አይለውም። የሚታወቀው አንዱ ዐይን ተሸፍኖ ሌላው ለብቻው ሲፈተን ነው።

ፈተናው ቤት ውስጥ ይሠራል። ነጭ ወረቀት ላይ በጥቁር ቀለም ባለ ሦስት ጥርስ ሹካ የሚመስለውን የእንግሊዝኛ «ኢ» ፊደል ጻፉ፤ ቁመቱም ወርዱም 17.5 ሚሊሜትር፣ የእያንዳንዱ መስመርና የክፍተቱ ውፍረት 3.5 ሚሊሜትር ይሁን። በገመድ 6 ሜትር ለክታችሁ፣ ደጅ በቀን ብርሃን፣ ወረቀቱን በልጁ ዐይን ትክክል ያዙት። ጥርሶቹን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያዞራችሁ የት እንደሚያመለክቱ በጣቱ ያሳይ። ከ5 ጊዜ 4ቱን ካገኘ ያ ዐይን አልፏል፤ ሐኪሞች 6/12 የሚሉት መጠን ነው (ደህና ዐይን ከ12 ሜትር የሚያየውን ከ6 ሜትር ማየት ማለት ነው)። አንዱ ዐይን እንኳ ከወደቀ ምርመራ ያስፈልገዋል። 4 ዓመት ገደማ የሞላው ልጅ ይችለዋል፤ አስተማሪም ክፍል ውስጥ ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ የሚበላሸው አሸፋፈኑ ነው። ልጁ በራሱ ጣቶች ከሸፈነ በመሐል ያጮልቃል፤ ዐይኑን ከተጫነው ደግሞ ተራው ሲደርስ ለጊዜው ይደበዝዝበታል። እናት በመዳፏ፣ ሳትጫን ትሸፍንለት። ለፈተናው ያልደረሰ ሕፃን አንዱ ዐይኑ ሲሸፈን ዝም ብሎ፣ ሌላው ሲሸፈን ግን እያለቀሰ እጅ የሚገፋ ከሆነ ያ ራሱ ምልክት ነው።

«ሸውራራነቱ ሲያድግ ይተወዋል»

እስከ 3 ወይም 4 ወር ድረስ ዐይን አልፎ አልፎ ቢዛባ አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ ከቀጠለ ግን አንጎል የተዛባውን ዐይን ምስል ቀስ በቀስ እየተወው ይሄዳል፣ ዐይኑም ጤናማ እየመሰለ ይሰንፋል። ሕክምናው በደንብ የሚይዘው ከ7 ዓመት በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላም ተስፋ አይቆረጥም፣ ግን ይከብዳል። ክረምቱ ይለፍ፣ እህሉ ይሰብሰብ እየተባለ ስንት ዓመት እንደሚያልፍ ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል።

የብሌኑ መሐል ነጭ ሆኖ ከታየ ግን (ብዙ ጊዜ የሚስተዋለው በፍላሽ በተነሣ ፎቶ ነው) በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ይሂድ። የዐይን ሞራ ወይም የዐይን ካንሰር ሊሆን ይችላል።

ጠብታውን ሸሽቶ መነጽር ማሠራት

የልጅ ዐይን በራሱ የማጥራት ኃይሉ ብርቱ ስለሆነ፣ ያለ ጠብታ ሲለካ የሌለበትን የሩቅ ዕይታ ችግር ያሳያል ወይም ያለበትን የቅርብ ዕይታ ችግር ይደብቃል። ስለዚህ ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረግለትና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ተጠብቆ ይለካል። ብዥታው ብዙውን ጊዜ እስከ ማግስቱ ይለቃል፤ አትሮፒን የሚባለው ጠብታ ከሆነ ግን ሳምንት አልፎም ሊቆይ ይችላል። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ተነሥታችሁ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ የምትሄዱ ቀኑን ከትምህርት ቤት ፈተና ጋር አታጋጩት። ፀሐይ ስለሚያንጸባርቅበት ኮፍያ ያዙለት። ገበያ ላይ ተሞክሮ የሚገዛ መነጽር ለልጅ አይሆንም።

«መነጽር ዐይን ያሰንፋል» የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የታዘዘለትን መነጽር አለማድረግ ነው የሚያሰንፈው። ሐኪም ዐይን እንዲሸፈን ካዘዘ ደግሞ፣ ደካማው እንዲሠራ የሚሸፈነው ደህናው ነው። ወላጆች አዝነው ደካማውን ሲሸፍኑ ይታያል፤ እንዲህ ከተደረገ ችግሩ ይባባሳል። እንደ ድክመቱ መጠን በቀን 2 ወይም 6 ሰዓት ሊታዘዝ ይችላል። መሸፈኛው በቆዳው ላይ ይለጠፍ፤ በመነጽሩ ላይ ከሆነ ልጁ በጎን እያየ ያታልላል።

ትራኮማን እንደ ተራ ዐይናር ማየት

አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ ከበረታባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ጀርሙ በዐይናርና በንፍጥ፣ በዝንብ፣ በእጅ፣ ሁሉም ፊቱን በሚጠርግበት አንድ ጨርቅ ይዛመታል። ደጋግሞ የያዘው ልጅ ሲጎለምስ የዐይኑ ሽፋን ጠባሳ ያወጣና ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ በወረንጦ የሚነቅሉ እናቶች ሕመሙን የያዙት በልጅነታቸው ነው። ውኃ ሩቅ ነው ብሎ የልጁን ፊት ሳያጥቡ መተው አያዋጣም፤ ለፊት አንድ ኩባያ ይበቃል።

የትራኮማ መድኃኒት የሚታደልበት ዘመቻ ሲመጣ «ልጄ ደህና ነው» ብላችሁ አታስቀሩት፤ ምልክት ሳይኖርበት ጀርሙን የሚይዝ ልጅ ብዙ ነው። መድኃኒቱ በቁመት ዘንግ እየተለካ ይሰጣል፤ ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የቴትራሳይክሊን ቅባት ነው። ቅባቱ በቀን 2 ጊዜ ለ6 ሳምንት ይቀባል፤ ዐይናሩ ስለቀረ ብቻ በሳምንት ማቆም የተለመደ ጥፋት ነው።

ለማሳከክ ጠብታ እየገዙ መቀጠል

ዐይኑን እያከከ የሚቀላበትና ክር የሚመስል ዐይናር የሚያወጣ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አለበት። ዴክሳሜታዞን የሚባል መድኃኒት ያለበት ጠብታ በ2 ቀን ያሽለዋል፣ ወላጅም ማዘዣ ሳይዝ ይደጋግመዋል። አደጋው እዚያ ላይ ነው፦ የዐይን ግፊት ያለ ሕመም እየጨመረ ነርቩን ይጎዳል፣ ሞራም ያመጣል። የነርቩ ጉዳት አይመለስም። በሐኪም ካልታዘዘ አትንኩት፤ እስከዚያው በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በዐይኑ ላይ ማድረግ ማሳከኩን ያስታግሣል።

ሲጎዳ የጡት ወተት ወይም ቅጠል መጨመር

በቡሄ የጅራፍ ጫፍ፣ በእረኝነት እሾህ፣ በውቂያ የጤፍ እብቅ ዐይን ይመታል። ወተቱም ቅጠሉም ቁስሉ ላይ ጀርም ያስገባል። እብቅ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው፣ በነጠላ ጫፍ መቆርቆር አይደለም። ኖራ ወይም የባትሪ አሲድ ከገባ ቢያንስ 30 ደቂቃ ሳያቋርጡ አጥቡና ሂዱ። የተቀደደ ወይም የሚደማ ዐይን ግን አይታጠብም፣ አይጨመቅም፣ ቅባትም አይገባበትም፤ የላስቲክ ኩባያ በአጥንቱ ላይ አሳርፋችሁ በፕላስተር አጣብቁና በዚያው ቀን አድርሱት። በማደንዘዣ ሊሠራለት ስለሚችል መንገድ ላይ ዳቦም ውኃም አትስጡት፤ መጨረሻ የበላበትን ሰዓት ለሐኪሙ ንገሩ።