የወንጀል ልብ ወለድን የፊልም መብት ለሆሊውድ ሲሸጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲ የሆነ ወዳጄ በብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ ቡና ቤት ከሆሊውድ ስቱዲዮ የመጣለትን የውል ረቂቅ ዘርግቶ «ቀብዱን ሊልኩልኝ ነው፤ መጽሐፌ ተሸጠ» አለኝ። የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1883 መሠረት ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ሲሆን፣ ስቱዲዮዎች «ኦፕሽን» የሚሉት ክፍያ ግን መብቱን ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወራት፣ ለሌላ እንዳይሸጡት ብቻ ያደርጋል፤ ስቱዲዮው የመግዛት ግዴታ የለበትም። ስለዚህ ሙሉ ዋጋው፣ የማራዘሚያው ክፍያና ኦፕሽኑ የሚያበቃበት ቀን በግልጽ ሳይጻፉ አይፈርሙ።

ለወንጀል ደራሲ ከሁሉ የከፋው ግን አንድ ታሪክ የሸጠ መስሎት መርማሪውን አብሮ መሸጡ ነው። የወዳጄ መርማሪ በሦስት መጻሕፍት የፒያሳን ጓዳ ጎድጓዳ ሲያስስ የኖረ ነው፤ ረቂቁ ግን «ገጸ ባሕርያቱንና ተከታይ ታሪኮችን ሁሉ» ይጠቀልላል፤ ያቺን መስመር በእርሳስ አሰመርኩባት። አሜሪካዊው ዳሺል ሃሜት በ1930 እ.ኤ.አ. «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» የተሰኘውን ልብ ወለዱን የፊልም መብት ለዋርነር ብራዘርስ በ8,500 ዶላር ሸጦ ነበር። ኋላ መርማሪው ሳም ስፔድ በሬዲዮ ድራማ ሲቀርብ ስቱዲዮው ከሰሰ፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1954 ስቱዲዮው ያልተሳካለት ውሉ የገጸ ባሕርዩን መብት በግልጽ ስላላስተላለፈ ነው አለ። ዛሬ ስቱዲዮዎች ይህን ክፍተት በጽሑፍ ስለሚዘጉት፣ አዳዲስ መጻሕፍት የመጻፍ መብትዎ የተጠበቀ መሆኑ በውሉ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት።

«ከተጣራ ትርፍ» የሚሰጥ ድርሻንም እንደ ዋና ክፍያ አይቁጠሩት። ስቱዲዮው የማስታወቂያ፣ የስርጭትና የአስተዳደር ወጪዎቹን አስቀድሞ ስለሚቀንስ፣ እጅግ የታየ ፊልም እንኳ በሒሳብ መዝገብ ላይ ኪሳራ ሊያሳይ ይችላል። በቁርጥ የተጻፈ ገንዘብ ይሻላል።

በእኛ ዘንድ በቀላሉ የሚታለፈው ደግሞ የትርጉም ጉዳይ ነው። ስቱዲዮው የሚያነበው የእንግሊዝኛውን ትርጉም ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ትርጉም ራሱ ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። በወዳጅነት የተረጎመልዎት ሰው በጽሑፍ ካልተስማማ፣ ወይም ከአሳታሚዎ ጋር ያደረጉት የቆየ ውል የፊልም መብቱን ለአሳታሚው ሰጥቶ ከተገኘ፣ የስቱዲዮው ጠበቆች ጉዳዩን እዚያው ያቆሙታል። ወዳጄ ረቂቁን ሳይፈርም መጀመሪያ ወደ አራት ኪሎ ሄዶ ከተርጓሚው ጋር በጽሑፍ ተስማማ።