ስልክ ካልተከፈተ የማይጎርስ ልጅ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ኬጂ ሳስተምር ዓመታት ሆኖኛል። የትኛው ልጅ ቤቱ በስልክ እንደሚበላ ምሳ ሰዓት ላይ ወዲያው ይታወቀኛል። አንድ ቀን የ4 ዓመት ልጅ ፍርፍሩ ፊቱ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያየኛል። «ብላ እንጂ የኔ ጌታ» ስለው፣ «ቲቸር ክፈቺልኝ» አለኝ። ምሳ ዕቃው እኮ ክፍት ነው! ለካ ስልክ ማለቱ ነው።

ወላጆች፣ እባካችሁ ይሄን ነገር ተዉት። ቪዲዮ ላይ ያፈጠጠ ልጅ ይጥገብ አይጥገብ ልብ አይልም። አፉን የሚከፍተው ጉርሻው ስለመጣ ነው። እናት «ዛሬ ሳህኑን ጨረሰልኝ» ብላ ደስ ይላታል። የስልኩ ባትሪ ያለቀ ቀን ግን ቤቱ በለቅሶ ይቀውጣል። ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጡና አብራችሁት ብሉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ትንሽ ነው የሚበላው፤ እያባረራችሁ አታጉርሱት። ክብደቱ ከቀነሰ ግን ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላው ጨቅላውን በስልክ ማባበል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ 2 ዓመት ላልሞላው ልጅ ስክሪን አይመክርም። ከ2 እስከ 4 ዓመት ላለው በቀን ቢበዛ 1 ሰዓት፣ ካነሰ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል። አዲስ አበባ ያለችው አክስቱ በቪዲዮ ስትደውል ማሳየት ግን ችግር የለውም።

ትምህርት ቤት ለገቡት «ስንት ሰዓት ይበቃል?» እባላለሁ። ለሁሉም የሚሆን ቁጥር የለም። እንቅልፉን፣ የቤት ሥራውንና ጨዋታውን ከነካበት በዝቷል ማለት ነው። በዚህ ብርድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዞ የሚገባውንማ ጠዋት ክፍል ውስጥ ሲያዛጋ አገኘዋለሁ። ከመኝታ 1 ሰዓት በፊት ተቀበሉት።

ልጁን እየከለከሉ ራስ ቲክቶክ ላይ ማምሸትም አለ። እሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ልጄ 3 ዓመቷ ሳለ፣ ሐምሌ ላይ ጉሙና ዝናቡ ደጅ አላስወጣ ሲል፣ ወጥ እስክሠራ እያልኩ ስልኬን እሰጣት ነበር። ወጡ ከደረሰ በኋላም አልቀበላትም። ከመንዝ የመጡት አማቴ አንድ ቀን ስልኩን ከእጇ ወሰዱና ለባና ብርድ ልብስ የሚፈተል የበግ ጸጉር ሰጧት። ስትበጣጥስ ዋለች። ምንጣፉም ሶፋውም ጸጉር በጸጉር ሆነ። ስልኩን የጠየቀችኝ ማታ ነው።